የማይነበብ ከሆነ

ሦስት ቃል ነበረች መጀመሪያ የጻፍኳት፣
«ሰነድ አንብቦ ያወጣል» ብዬ የቋጨኋት።
ለኔማ ምን ይጠፋኛል፤ እዚሁ ነው የምውል፣
ከሳጥኑ ሥር፣ ከአቧራው፣ ከካርታና ከውል።
የእርቅ ደብዳቤው የቱ፣ የግብር ደረሰኙ የቱ፣
በጣቴ እለየዋለሁ፣ ሳይገለጥ ፊቱ።

ወኪሉ ግን ጣት የለው።
ሰው ሠራሽ ነው፤ አዘዞ አልኖረ፣ ቀሃን አልተሻገረ፣
ሳሙና በር በየት ነው ብሎ መንገድ ላይ አልተቸገረ።
ያቺን ሦስት ቃል ነው ስንቅ ያስያዝኩት፣
አራት ሺህ ወረቀት ይዞ እንዲያድር የላክሁት።

አደረም። ሳያዛጋ።
ጎንደር ተኝታ፣ ዶፉ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣
እሱ ገጽ ከገጽ ሲገልጥ።
ጠዋት ሰንጠረዡ ጢም ብሎ ሞልቶ ጠበቀኝ፣
አንዲት ባዶ ሣጥን የለው፤ ይኼው ደስ አሰኘኝ።
መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነበር።

ማክሰኞ ወይዘሮ ብርነሽ መጡ፣ ጃንጥላቸው እየተንጠባጠበ፣
«ልጄ፣ የቤቴን ካርታ ማነው እንዲህ ያነበበ?»
እሳቸው የሚያውቁት ፲፱፻፷፮ ነው፤
ሰንጠረዡ የሚለው ፷፯ ነው።
ያቺ ስድስት ቁጥር፣ እግሯ በውሃ ደብዝዞ፣
ወኪሉ ሰባት አላት፣ ግምቱን እንደ እውነት ይዞ።
አንድ ዓመት ነች ብሎ የሚስቅ ይኖራል፤
በስድሳ ስድስትና በስድሳ ሰባት መሀል
ስንት ቤት ጌታውን እንደለወጠ የኖረበት ያውቀዋል።

«ማሽኑ ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ
ተመለሰ፣ የላኪውን ፊት አስታውሶ።
የማይነበብ ቢገጥምህ፣ አላልኩትም።
ዝም በል፣ አላልኩትም።
ዝምታም መልስ መሆኑን ማን ነግሮት?

ምሳ ሰዓት ወጣሁ፣ ወደ ፍርድ ቤቱ አጥር፣
አቶ ቢያድግልኝ ታይፓቸውን ይዘው ወደሚውሉበት ሥር።
አርባ ዓመት ለማያውቁት ዳኛ የጻፉ ሰው ናቸው፣
አንድ ቀን ችሎት ገብተው ላያስረዱ በአፋቸው።
ነገርኳቸው። ሳቁ። መነጽራቸውን ጠረጉ።
«ይኼማ ውክልና ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?
‹ንብረቴን ያስተዳድር› ብሎ የፈረመ ሰው
ስንቱ ነው ከደጄ እንባውን ይዞ የቆመው!
የሚችለውን ጻፊ፤ የማይችለውን አስከትዪ፤
ግራ ሲገባው የት እንደሚቆም አብረሽ ለዪ።
ደግሞ ቅኔ አታድርጊው፣ ወርቁን ውጭ አውጪው፤
እዚህ አገር መደበቅ ሙያ ነው፤ አንቺ ግን ግለጪው።»

ማታ ተቀመጥኩ።

«ይህ መሣሪያ የቤት ካርታ ብቻ ያነባል።
ውል ቢያገኝ አይነካም፤ ለውል ሌላ መሣሪያ አለ።
ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ አትደምር፣ አትቀንስ።
፮ እና ፯ ይመሳሰላሉ።
ስምን እንደተጻፈ ተው፤ ኀይሉን ኃይሉ ብለህ አታርም።
የማይነበብ ከሆነ ‹አልተነበበም› በል፤ ገጹንና መስመሩን ጥቀስ።
ከጎረቤት ገጽ አትዋስ።
መገመት ስህተት ነው። ባዶ መመለስ ስህተት አይደለም።»

«በጥንቃቄ» የምትል ቃል ነበረች፤ አወጣኋት፣
ጥንቃቄ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው ቢለኝ መልስ አጣሁላት።

ሐሙስ ጠዋት ሰንጠረዡ ወንፊት ሆኖ ጠበቀኝ፣
አርባ ሦስት ቀዳዳ። አለቃዬ ተከፋ፤ እኔን ደስ አለኝ።
አንደኛዋ ቀዳዳ እንዲህ ትላለች፦
«አልተነበበም። ገጽ ሁለት፣ መስመር ዘጠኝ። ሰው ይየው።»

ሰው ይየው።

ወይዘሮ ብርነሽን አስጠራኋቸው።
መስኮቱ ጋ፣ ዝናቡ ጋብ ባለባት ቅጽበት፣
ጣታቸውን አኖሩበት።
«ጣራችን ያፈሰሰ ሌሊት ነው፣ ሟች ባለቤቴ ሳጥኑን ሳይደርስበት።
ይቺውልህ እግሯ» አሉ፣ እንደ ወንድ እየጠሩኝ፣ ዓይናቸው ከወረቀቱ ሳይነሳ፤
«እዚህ ጋ ነው የምትጣመመው።»

አየኋት። ያየኋት መሰለኝ።
ስድስትን ጻፍኩ፣ ከጎኗም ማን እንዳያት፣ መቼ፣ በየትኛው ብርሃን፤
በእርሳስ።